የላቮን መቃኛ ዝም ያለ ዕለት

ላቮን ትሪፕ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ ስትነዳ አንድም ልጅ ጭረት ነክቶት አያውቅም። ሰዎች ይህን ሲያነሡላት ደስ አይላትም ነበር። «ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። በረዶ የጣለ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድማ ተነሥታ ጠመዝማዛውን መንገድ በባዶ አውቶብስ ትሞክረዋለች። ልጆቹ ሲሳፈሩ ትቆጥራለች፤ ሲወርዱ ትቆጥራለች፤ ቤቷ ገብታ እራት እየበላች በልቧ እንደገና ትቆጥራለች። ባሏ ኦሪን ሹካዋ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ያያትና፣

«ስንት ወረዱ?» ይላታል።

«አርባ ሦስት።»

«ስንት ነበሩ?»

«አርባ ሦስት።»

«በይ እንግዲያ ብዪ፤ ድንቹ ቀዘቀዘ።»

ኦሪን የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ የሚያዳምጥ ሰው እንጂ። ከእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሬዲዮ መቃኛው ከቀበቶው ተለይቶ አያውቅም። መቃኛው መዳፍ የሚያህል፣ አጭር አንቴና ያለው ጥቁር ነገር ነው። መናገር አይችልም፤ ሥራው መስማት ብቻ ነው። የፖሊሶቹን፣ የአምቡላንሶቹን፣ የመንገድ ሠራተኞቹን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእሳት አጥፊዎቹን መስመር እየዞረ ይቃኛል። አንዱ ላይ ሰው ሲናገር ቀጥ ብሎ ያሰማል፤ ንግግሩ ሲያልቅ መዞሩን ይቀጥላል።

በብላክቴይል መንገድ ላይ ያሉት ሰባት ቤቶች የሚተኙት በኦሪን ጆሮ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ ሞባይል ስልክ አንድ ቀን ቢሠራ ሁለት ቀን ያኮርፋል። ስለዚህ በጋ ላይ ጭስ የሸተተው ሁሉ በቤት ስልክ ወደ ትሪፕ ቤት ይደውላል።

«ኦሪን፣ ምን ይላል?»

«የሣር እሳት ነው፤ ሸለቆው ውስጥ። ሁለት መኪና ሄዶለታል። ተኛ።»

ጠያቂውም ይተኛል።

መንገዱ ሁለት መውጫ አለው። ታችኛው በወንዙ ድልድይ አድርጎ ከተማ ያወጣል። ላይኛው የጥዱን ጫካ ሰንጥቆ፣ ግንድ ጫኞች በጠረጉት ኮረኮንች በኩል ወደ ተራራው ጀርባ ይሻገራል። እዚያ ጫፍ ላይ የብረት በር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ በሰንሰለት እንደተቆለፈ ነው።

በየካቲት ኦሪን ማገዶ ሲፈልጥ ወደቀ። ላቮን በመስኮት ስታየው አጎንብሶ የጠፋበት ነገር የሚፈልግ ነበር የመሰላት። ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቶቿ በየተራ ምግብ አመጡላት። የሰዎቹን ሳህን አጥባ መልሳ ሳትጨርስ ስልኩ መጮህ ጀመረ። «ላቮን፣ ምን ይላል?» ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። መቃኛው ከኦሪን ቀበቶ ወጥቶ እሷ የሹራብ ኪስ ገባ፤ በቃ።

ኦሪን እሳት አጥፊዎች ሲጯጯሁ እየሰማ ሳንድዊቹን ይገምጥ ነበር። እሷ ግን መቃኛው ኪሷ ውስጥ ባንኮራፋ ቁጥር የያዘችውን ሥራ ትታ ትቆማለች። ከተማ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ልብ ሲደክም፣ አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ሲገለበጥ፣ ሁሉንም ትሰማለች፤ ሁሉም ወደ እሷ ቤት የሚመጣ ይመስላታል። ዝም ሲል ነው ትንፋሿ የሚመለሰው። ዝምታውን ወደደችው። ኋላ የጎዳትም ይኸው ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ፣ በዚያ አገር በጋው በሚበረታበት ወር፣ ወረዳው የእሳት አጥፊዎቹን መስመር በሙሉ ለወጠ። ኦሪን መቃኛው ላይ የጫናቸው ቁጥሮች በአንድ ቀን ባዶ ሆኑ። ላቮን ገስ ፔልቶ ዘንድ ደወለች። ገስ የኦሪን የሬዲዮ ጓደኛ ነው፤ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ሸለቆው ውስጥ ይኖራል። ያን ሰሞን የዓይኑን ሞራ ተገፎ መኪና እንዳይነዳ ተከልክሏል።

«አዲሶቹን ቁጥሮች ልጄ አይታ ጽፋልኛለች፤ በፖስታ ልኬልሻለሁ» አላት። «ወረቀቱ ሲደርስሽ የኦሪንን ላፕቶፕ ክፈቺና ደውዪልኝ። መቃኛው ራሱ ላይ ቁጥር በቁጥር እየነካካሽ ልሙላ ካልሽ እስከ ገና አትጨርሺም። በኮምፒውተር ነው የሚሞላው።»

ወረቀቱ ደረሰ። ላቮን የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጋ ላፕቶፑን ከፈተችና የቤት ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣበቀችው።

«ገመዱን ሰካሽ?» አለ ገስ።

«የቱን ገመድ?»

«ወይ ኦሪን! ሚስቱን አውቶብስ አስነድቶ ገመድ ሳያሳያት ሞተ!»

«አውቶብሱንም እሱ አላስነዳኝም። አርፈህ ገመዱን ንገረኝ።»

ገመዱ መሳቢያ ውስጥ በላስቲክ ታስሮ ተገኘ። አንዱን ጫፍ መቃኛው ጎን፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ፕሮግራሙ ሲከፈት ረድፍ በረድፍ የተሠመረ ሠንጠረዥ መጣ። በየረድፉ የቻናሉ ስም፣ የሞገዱ ቁጥር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቁጥር አለ።

«ሦስተኛው ምንድን ነው?»

«እሱ መክፈቻው ነው። እንዲህ አስቢው፤ ሞገዱ ቤቱ ነው፣ መክፈቻው ቁልፉ ነው። ቁልፉ ልክ ካልሆነ ሰዎቹ ውስጥ ሆነው እየጮኹ አንቺ ደጅ ቆመሽ ምንም አትሰሚም። እሱን አትጽፊውም፤ ስትነኪው ዝርዝር ይወርድልሻል፣ ከዝርዝሩ ትመርጫለሽ።»

ሃያ ሁለት ረድፍ ነበር። ገስ ሥራ አለኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ እሷ በአንድ ጣቷ እየለቀመች ከሰዓት ሙሉ ስትጽፍ ዋለች። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ የእሳት አጥፊዎቹን ዋና መስመር ሞላች። 154.310 ብላ ጻፈች፤ ከዝርዝሩ 131.8ን መረጠች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ረድፍ ለመውረድ የማውዙን መንኮራኩር በጣቷ አሽከረከረችው። ሠንጠረዡ ግን አልወረደም፤ የወረደው የመረጠችው ቁጥር ነው። 131.8 የነበረው 136.5 ሆነ። ላቮን ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ስለነበር አላየችውም።

ሁሉንም ሞልታ «ላክ» የሚለውን ተጫነች። «ገመዱን እንዳትነቅል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆይቶ አለቀ። መቃኛውን ስትከፍተው ወዲያው የመንገድ ሠራተኞቹ ስለ ወደቀ ዛፍ ሲከራከሩ ሰማች። ደስ ብሏት ብቻዋን አጨበጨበች። ማታ ገስ ደወለ።

«የእሳቱስ መስመር?»

«ዝም ብሏል።»

«እሳት ከሌለ ዝም ማለቱ ደግ ነው። ግን ሰኞ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሙከራ ያደርጋሉ፤ ያን ጠብቀሽ ስሚ።»

የመጀመሪያው ሰኞ ጥርሷን ልትታከም ከተማ ወርዳ ነበር። በሁለተኛው ሰኞ መቃኛውን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ከፊቱ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ሦስት ተሩብ ሆነ። ምንም የለም። «ዛሬ ሳይሞክሩ ቀርተው ይሆናል» አለች ለራሷ። ስልኩን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ገስ ከእንግዲህ ምን ይላታል? አሮጊቷ አንድ ነገር በትክክል መጻፍ አቃታት ሊል ነው። አፈረች። በዚያ ላይ ዝምታው ደስ ይላት ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለች ነሐሴ ገባ።

ማክሰኞ ነበር። ምሳ በልታ ዕቃ እያጠበች ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ የጥዱን ፍሬ ጣሪያው ላይ ያንኳኳል። ስልኩ ጮኸ። ዊላ ሃርግሮቭ ናት። ዊላ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ በወጣትነቷ ለግንድ ቆራጮች ወጥ ቤት ትሠራ የነበረች፣ ምላሷ ያኔ የተሳለ ሴት ናት። ቤቷ ከላቮን ቤት ወደ ድልድዩ ሲወረድ ሦስተኛው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ጭስ ይሸተኛል። ያ ሳጥንሽ ምን ይላል?»

ላቮን በእርጥብ እጇ መቃኛውን ከኪሷ አወጣችው። ቁጥሮቹ በመስኮቱ ላይ እየተራወጡ ይዞራሉ። አዳመጠች።

«ምንም አይልም።»

«ምንም?»

«ዝም ብሏል።»

«እንግዲያው ሆሊስ ነው፤ ያን የአሳማ ሥጋውን እያጨሰ ነው። ደውዬ ልስደበውና ልተኛ።»

ሆሊስ ብራግ ድልድዩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ላቮን ሳቀችና ዕቃዋን ማጠቧን ቀጠለች።

አርባ ደቂቃ ያህል አለፈ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን ቀስ በቀስ እንደ ሻይ ቀላ። መጀመሪያ ደመና መሰላት። ያሰጣችውን ልብስ ልታስገባ ወጣችና ከነጩ የትራስ ልብስ ላይ አንድ ቅጠል አገኘች። ቅጠሉ ሙሉ ነው፤ ጅማቱ ሳይቀር ይታያል፤ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ስትነካው በጣቷ ላይ ዱቄት ሆነ። ገና ይሞቃል።

ቀና ስትል ሰማይ የለም። ጭሱ ከጥዶቹ ጫፍ በላይ ተንከባሎ ሁሉንም ሸፍኖታል፤ ከየት እንደመጣም አይለይም። ነፋሱ ሲዞር ጭሱም ይዞራል። ከኪሷ መቃኛውን አወጣች። ቁጥሮቹ ይዞራሉ። ዝም።

ሮጣ ገባች። የፍሪጁ ድምፅ ቀጥ አለ፤ መብራት ጠፋ። ሞባይሉ ላይ አንድም ምልክት የለም። በቤት ስልኩ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን ደወለች፤ ተይዟል። ደገመች፤ ተይዟል። ዊላ ዘንድ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣ የለም። ወዲያው መስመሩ ራሱ ሞተ። እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች።

የፒካፑን ቁልፍ አነሣች። ግን ወዴት? ወደ ታች ወደ ድልድዩ ነው ወይስ ወደ ላይ ወደ ተቆለፈው በር? ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ሸለቆ ውስጥ ሰዎች ሲሸሹ እሳቱ መሀል ገብተው ነበር። ኦሪን በዚያ ቀን ሲያዳምጥ ዋለ፤ ያን ቀን ብቻ ሳንድዊቹን አልጨረሰም። ምን እንደሰማ እስኪሞት ድረስ አልነገራትም። ላቮን አሁን ያን ቀን አሰበች።

መቃኛው ድንገት አንኮራፋ። የፖሊሶቹ መስመር ነው። አንድ ወንድ እያለከለከ፣ «እኔን አትጠይቀኝ፤ እሳት አጥፊዎቹ በራሳቸው መስመር እየተነጋገሩ ነው፣ እዚያ ስማቸው!» አለና ጠፋ።

እሳት አጥፊዎቹ እየተነጋገሩ ነው። አሁን፣ በዚች ደቂቃ። እሷ ደግሞ ምንም አትሰማም። ሰዎቹ ውስጥ ሆነው እየጮኹ ደጅ ቆማለች።

«ቁልፉ» አለች ጮክ ብላ።

ላፕቶፑን ከመደርደሪያው አወረደች። ባትሪው አሥራ አራት በመቶ ይላል። ፕሮግራሙ እስኪከፈት ድረስ የገስን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ዘጠነኛው ረድፍ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ሕፃን ልጅ ፊደል እንደሚቆጥር ጮክ ብላ አነበበች። «አንድ፣ አምስት፣ አራት… ነጥብ… ሦስት፣ አንድ፣ ዜሮ።» ልክ ነው። መክፈቻው፤ ስክሪኑ ላይ 136.5። ወረቀቱ ላይ 131.8።

«አምላኬ! ምንም የለም አልኳት» አለች። «ዊላን ምንም የለም አልኳት።»

ውጭ አንድ ነገር እንደ መድፍ ፈነዳ፤ የአንዱ ጎረቤት ጋዝ ሲሊንደር መሆን አለበት። ውጪ፣ ሩጪ፣ ተዪው የሚል ድምፅ ውስጧ ይጮኻል። ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች። ሳያውቁ መንዳት ከመቀመጥ የባሰ ነው። ዝርዝሩን አወረደች፤ 131.8ን መረጠች፤ መንኮራኩሩን እንዳትነካ ጣቷን ጨብጣ ያዘች። ገመዱን ለመሰካት ሦስት ጊዜ ሳተች። «ላክ» አለች። «ገመዱን እንዳትነቅል» አለ ቀዩ ጽሑፍ። ሃያ በመቶ። ሠላሳ አራት። ጭሱ በበሩ ሥር እየተሳበ ገባ። አምሳ አንድ። ስክሪኑ ደበዘዘ፤ ባትሪው አምስት ቀርቶታል። ሰባ ስምንት። «ኧረ በፈጠረህ» አለችው ማሽኑን። ዘጠና። አለቀ።

ገመዱን ነቅላ መቃኛውን ከፈተችው። ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ የሚናገር የሰው ድምፅ።

«…ድልድዩን ተሻግሯል፤ ደግሜ እላለሁ፣ እሳቱ ድልድዩን ተሻግሯል። በዚያ በኩል ማንም አይግባ።»

ከዚያ ረጋ ያለች ሴት፣ «ብላክቴይል ላይ ስንት ቤት አለ?» አለች።

«ሰባት።»

«ሰዎቹ ወጥተዋል?»

«አይታወቅም። ስልክ አይመልሱም።»

ላቮን ስለ ራሷ ሲወራ እየሰማች መሆኗ የገባት ቆይቶ ነው።

«በላይኛው በር በኩል ልንደርስላቸው እየሞከርን ነው» አለ ሌላ ሰው። «ሰንሰለቱን እየቆረጥን ነው።»

መውጫው በላይ በኩል ነው። አሁን አወቀች። ሰው ለሳምንቱ መጨረሻ ብቻ የሚመጣባቸው ሁለት ቤቶች ባዶ ናቸው፤ የሌሎቹ ሁለት ቤቶች ሰዎች በዚህ ሰዓት ከተማ ሥራ ላይ ናቸው። ቀሩ ዊላና ሆሊስ፤ ሁለቱም በታች በኩል። ፒካፑን አስነሥታ ወደ ታች፣ ወደ እሳቱ ነዳች።

ዊላ ሶፋው ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ የመስሚያ መሣሪያዋ ጠረጴዛው ላይ ነው። ላቮን ትከሻዋን ይዛ ናጠቻት።

«ምንድን ነው! ማን ሞተ?»

«እሳት! ተነሺ!»

«ምን አልሽ?»

«እሳት ነው ዊላ፤ ጫማሽ የታለ?»

ዊላ በመስኮቱ ቀዩን ብርሃን አየችው። «ምንም የለም አላልሽኝም?»

«ተሳስቻለሁ። ተነሺ።»

«ጥርሴን አምጪልኝ።»

«ጥርስሽን ተዪው!»

«ያለ ጥርሴ አልሞትም!»

ላቮን ብርጭቆውን ከነውሃው፣ ከነጥርሱ አንሥታ አስታቀፈቻት፤ ብብቷን ደግፋ አወጣቻት። ፒካፑ ውስጥ ሲገቡ ጠየቀቻት።

«ሆሊስስ?»

«ደወልኩለት እኮ። እሱም ጭስ አይቶ ልወጣ ነው ብሎኝ ነበር። ላቮን ምንም የለም ብላለች፣ አርፈህ ተቀመጥ አልኩት።»

ላቮን መሪውን ጨብጣ ወደ ሆሊስ ቤት ወረደች። በሩ ክፍት ነው፤ ሰማያዊ ፒካፑ የለም። የቤቱ ጓሮ ይነዳል። መንገዱ ከዚያ ወደ ድልድዩ አራት መቶ ሜትር ብቻ ይቀረዋል፤ ግን መንገድ አይመስልም፤ በሁለት ወገን ቀይ ግድግዳ ያለው ጨለማ ነው። ጡሩምባዋን ነፋች። ደግማ ነፋች። ሙቀቱ በመስታወቱ አልፎ ፊቷን ለበለባት።

«ከድልድዩ ወዲህ ሁለቱም ጎን ነድዷል» አለ መቃኛው ከኪሷ።

«ላቮን፣ አዙሪ» አለች ዊላ።

«እዚያ ውስጥ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

«ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ የደወልኩት እኔ። አዙሪ አልኩሽ!»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳታጎድል የነዳች ሴት እግሯን ፍሬኑ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች። ጥቂት ነው፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ረጅም ነበር ትላለች። ከዚያ አዞረች።

ሽቅብ ሲወጡ ፍም እንደ በረዶ ይዘንብባቸው ነበር። ቤቷን ሲያልፉ የማገዶው ክምር ይነዳል፤ ዞር ብላ አላየችውም። ዊላ ብርጭቆዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ትደረድራለች፤ በመሀሉ የመንገድ ሥራ ኃላፊውን ትሳደባለች። ጥዶቹ መሀል ጭሱ ከመብዛቱ የተነሣ ላቮን በሯን ከፍታ፣ አንገቷን አውጥታ፣ የመንገዱን ጠርዝ እያየች ነው የነዳችው። አንድ ጊዜ ሞተሩ ተንተፋተፈ። አልጠፋም።

በሩ ጋ ሦስት እሳት አጥፊዎች ሰንሰለቱን ቆርጠው ጥለው ሲጠብቁ አገኙ። አንዷ ሴት መስታወቱን ደበደበች።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«የቀረ አለ?»

«አንድ። ድልድዩ ጋ። ሆሊስ ብራግ ይባላል፤ ሰማያዊ ፒካፕ።»

ሴትየዋ ትከሻዋ ላይ ባለው ሬዲዮ ተናገረች፤ ቃሏ መልሶ ከላቮን ኪስ ጮኸ፤ «አንድ ሰው ቀርቷል። ድልድዩ ጋ። ሰማያዊ ፒካፕ።» ላቮን ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

የተፈናቀሉት በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ላቮን አንድ ጥግ ላይ መቃኛውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ተቀመጠች። ሾርባ ሰጧት፤ አልነካችውም። ሰዓቱ አሥር ሆነ፤ አሥራ አንድ ሆነ። አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ የደከመው ድምፅ፣ «ድልድዩ ሥር ሰው አግኝተናል፤ ውሃው ውስጥ ነው። በሕይወት አለ» አለ። ዊላ ከጎኗ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች እጅጌዋን ትጎትታለች።

ሆሊስ እሳቱ ሲዘጋበት ፒካፑን ጥሎ ወንዙ ውስጥ ገብቶ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ነበር። ሁለቱም እጁና ሳንባው ተጎድቷል። ከሰባቱ ቤቶች አራቱ አመድ ሆኑ፤ የላቮንም አንዱ ነው። የዊላ ቤት አንድ መስታወት ተሰንጥቆ ብቻ ተረፈ። ላቮን የዊላ ጓሮ ክፍል ገባች።

በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ሄደች። የሆሊስ እጆች እስከ ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው፤ መንኮራኩሩን፣ ሁለቱን ሰኞዎች፣ ስልኩን አንሥታ መልሳ ማስቀመጧን። ሆሊስ ጣሪያውን እያየ ሰማት።

«ይህን ያህል ጊዜ ዝም ሲል አላሳሰበሽም?» አላት፤ ድምፁ የጎረነነ ነው።

«አሳስቦኛል።»

«ታዲያ?»

«አፈርኩ። ገስ ይስቅብኛል ብዬ።»

ሆሊስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ላቮን ልትነሣ ቦርሳዋን ስታነሣ፣

«ድልድዩ ጋ ስለ መቅረቴና ስለ መኪናዬ የነገርሻቸው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለ። «ባይነግሩኝ ኖሮ አንቺን መጥላት ይቀለኝ ነበር።»

«ብትጠላኝም እመጣለሁ።»

«ነይ። ግን የዚህ ሆስፒታል ዳቦ ማስቲካ ነው፤ የሚበላ ነገር ይዘሽ ነይ።»

በኅዳር ወረዳው በዚያው አዳራሽ ስለ እሳቱ ስብሰባ ጠራ። ላቮን እጇን አውጥታ ተነሣች። የፊተኛውን ወንበር ይዛ ነው የተናገረችው። አንድ ረድፍ ስትሞላ መሳሳቷን፣ መሳሳቷን ጠርጥራ ዝም ማለቷን፣ ሰው አምኗት መተኛቱን ሳታሳጥር ተናገረች። ከኋላ አንድ ሰው «ሰው ልትገድይ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ። «አዎ» አለች። ሌላ ምን ትላለች?

ከዚያ ከሌላኛው ተራራ የመጣ፣ ፂማም፣ ግዙፍ ሰውዬ ቀስ ብሎ ተነሣ። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣

«የኔም ከሐምሌ ጀምሮ የእሳቱ መስመር ዝም ብሏል» አለ። «እኔም እሳት ባይኖር ነው ብዬ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ገስ ፔልቶ የስብሰባውን ወሬ ሰምቶ፣ የዳነ ዓይኑን ይዞ ከሸለቆው ወጣ፤ ጢሙን ሳይላጭ፣ ላፕቶፑን በክንዱ ሥር አድርጎ። ላቮንን አዳራሹ በር ላይ ሲያያት፣ «ያኔ ብትደውዪልኝ እኮ እስቅብሽ ነበር» አላት። «ከዚያ ደግሞ እነግርሽ ነበር።» እሷ ጠረጴዛውን ዘረጋችለት። ከየተራራው አሥራ አንድ ሰዎች መቃኛቸውን ይዘው መጡ። የፂማሙ ሰውዬ መቃኛ አሮጌዎቹን ቁጥሮች እንደያዘ ነበር፤ ማንም አልቀየረለትም። የሁለት ሌሎች መክፈቻ ተሳስቷል። ላቮን ያን ስታይ ማውዙን ለቀቀችው። ገስ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ዊላ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ ወረቀቱን አነሣች።

«እኔ ላንብብ፤ አንቺ ጻፊ፤ ይሄ ዕውር ደግሞ ይመልከት» አለች። «አንድ፣ አምስት፣ አራት። ጻፍሽ?»

«ጽፌያለሁ።»

«አንብቢልኝ።»

ላቮን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ ጮክ ብላ፣ አንድ በአንድ አነበበችላት።